የእቴነሽ ጀርባ

የሞተችውን ሚስቴን እሥላለሁ ብዬ ተቀምጬ እመቤታችንን ሣልኩ። ዓይኗ ትልልቅ፣ አንገቷ ላይ ሦስት መስመር፣ መጎናጸፊያዋ እስከ ግንባሯ የወረደ። ወረቀቱን አጠፍኩና ሌላ አነሣሁ፤ እዚያኛው ላይ ቅድስት አርሴማ ወጣች። ሦስተኛው ላይ እመቤታችን ተመልሳ መጣች። በዚህኛው ጊዜ የተቆጣች ትመስላለች፤ ብትቆጣም አልፈርድባትም። የኔ እቴነሽ ዓይኗ ትንንሽ ነበር። ስትስቅ ጭራሹን ይጠፋ ነበር። ይህን በአፌ ልናገረው እችላለሁ፤ እጄ ግን አያውቀውም።

እጄን ያስተማሩት የኔታ ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ቀለም በጥብጬላቸዋለሁ። በኛ ትምህርት ሰው እየታየ አይሣልም። የኔታ የሣሉት እየታየ ይሣላል፤ እሳቸውም የሣሉት የኔታቸው የሣሉትን እያዩ ነው። ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ክፉ ሰው በጎን፣ ባንድ ዓይኑ። ከዚህ ሌላ የሰው ዓይነት የለም። በዚህ ትምህርት የሦስት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሞልቻለሁ። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም፤ እኔም ደስታ ሰዓሊው ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ ኖሬአለሁ።

የጣሊያን ጦርነት መንደራችን ሲደርስ የመጨረሻው ግድግዳዬ ከነቅዱሳኑ ተቃጠለ። እኔና እቴነሽ የቀወትን ዳገት ለቀን ወደ ቆላው ወረድን። ሸዋ ሮቢት የገባነው በጥቅምት ነው፣ ወባ በሚበረታበት ወር። ንዳዱ በዘጠኝ ቀን ጨረሳት። ልጅ አልነበረንም። ፎቶግራፍ አልነበራትም። ነጠላዋንም አብሬ ቀበርኩት።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ነቅቼ ፊቷን ባስበው አልመጣ አለኝ። ተነሥቼ ተቀመጥኩ፣ ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ያን ቀን የያዘኝ ፍርሃት አውሮፕላን በላያችን ሲያንዣብብ እንኳ አልያዘኝም። አንዴ ሞታለች፤ አሁን ደግሞ እኔ ውስጥ ልትሞት ነው። ጨርሳ ሳትጠፋ በወረቀት ላይ ላስቀራት ፈለግሁ። ከዚህ ዓለም ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

ወረቀት አልቸገረኝም። ጣሊያን ወደ ደሴ የሚሄደውን መንገድ እየሠራ ነበርና እኔም ለጉሮሮዬ ብዬ እዚያው ገብቻለሁ። ለካፖው፣ ለሥራው አለቃ፣ በአስተርጓሚ ሰዓሊ መሆኔን ብነግረው ከት ብሎ ሳቀና አንድ ባልዲ ኖራና ብሩሽ ሰጠኝ። ከመንገዱ ዳርና ዳር የተደረደረውን ድንጋይ ነጭ መቀባት ሥራዬ ሆነ። ማታ ስመለስ የሲሚንቶ ከረጢት አራግፌ ይዤ እመጣለሁ። ወፍራም ወረቀት ነው፤ የግራር ከሰል ደኅና አድርጎ ይይዛል።

እነዚያ ሦስት ሥዕሎች ከከሸፉ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። እጄ የሚያውቀው የየኔታን እጅ ብቻ ነው። እቴነሽን ለመሣል መጀመሪያ ሰው መሣል መማር አለብኝ፤ በአርባ ዓመቴ፣ እንደ ገና ከፊደል። ሰው ደግሞ በአቅራቢያዬ የነበረው አያ ሁሴን ብቻ ናቸው።

አያ ሁሴን አርጎባ ናቸው፣ ሸማኔ። ከግቢያቸው አንዲት ጎጆ ሰጥተውኛል። ልሣልዎት ብላቸው መወርወሪያቸውን አስቀምጠው አዩኝ።

«ደስታ፣ አንተም በሃይማኖትህ እኔም በሃይማኖቴ። ነፍስ ያለው ነገር ሥዕል ካለበት ቤት ግን መላኢካ አይገባም።»

«እንግዲያውስ ልተወው፣ አያ ሁሴን።»

ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩ። «አንገቱን ቁረጠው» አሉ በመጨረሻ። «ራስ የሌለው ነገር ነፍስ የለውም። እንደ ዛፍ ነው። ከአንገት በታች ከሆነ እንደ ልብህ።»

ፊት ለሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለ ፈቃድ ስድብ ነው የሚመስለው። ነገር ግን ቤቱ የሳቸው ነው፤ ሌላ የምሄድበትም የለኝ። እሺ አልኩ።

አያ ሁሴን ከሱብሒ ሶላት ተመልሰው ፀሐይዋ ሳትከር ከሽመና ጉድጓዳቸው ይገባሉ። እኔ ደግሞ የምወጣው የካፖው ፊሽካ ሲሰማ ነው። በመሃል ያለችው ጊዜ የኔ ሆነች። ከኋላቸው ድንጋይ ላይ እቀመጥና ወረቀቴን በሳንቃ ላይ ዘርግቼ እጀምራለሁ። የመጀመሪያው ቀን የሣልኩት ጥብቆ ብቻ ሆነ። ቅዱሳን ከልብሳቸው በታች ገላ የላቸውም፤ ክርን ከየት እንደሚጀምር፣ ጉልበት የት እንደሚታጠፍ ጠይቄም አላውቅ።

አያ ሁሴን ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡት። «ይሄ እኔ ነኝ?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ የማሽላ ጎተራ መስሎኝ!»

አንድ ወር ሙሉ ጎተራ ሣልኩ። በየማታው አሮጌዎቹን ወረቀቶች መሬት ላይ ዘርግቼ ትናንትን ከዛሬ አስተያያለሁ። ከሰኞው ጎተራ የዓርቡ አይሻልም። አንዳንድ ጠዋት ጉንፋን ያዘኝ ብዬ እተኛለሁ፤ የምዋሸው ለማን እንደሆነ እንጃ፣ ከራሴ በቀር የሚጠይቀኝ አልነበረም። አንድ ቀን ማታ ተናድጄ ሁሉንም ስቀዳድድ አያ ሁሴን ከበር ቆመው አዩኝ። በማግስቱ ጠዋት ጠርተው ከጉድጓዱ አፍ አስቀመጡኝና ሆዳቸው ላይ ያለውን የሸማ ጥቅል መታ መታ አደረጉ።

«ትናንት የሠራሁት እዚህ ነው ያለው፣ ተጠቅልሎ። በየቀኑ እየፈታሁ ባየው ጋቢው መቼ ያልቃል? ከፊቴ ያለችው ይቺ ስንዝር ናት፤ እሷን አያለሁ። አንተ ደግሞ ክምርህን ታቅፈህ ታለቅሳለህ።»

ተናደድኩ። ሸማኔ ለሰዓሊ ምክር ሲሰጥ መናደድ ያለ ነው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሣልኩትን ሳላይ ጠቅልዬ በክር እያሰርኩ ከጣሪያው ሣር ውስጥ እሸጉጠው ጀመር። ሙሉ ሰው መሣልም ተውኩ። አንድ ቀን አንድ ወረቀት፣ አንድ ወረቀት አንድ ነገር። ዛሬ የቀኝ ትከሻ። ነገ ክርን። መርገጫውን የሚረግጠውን ተረከዝ ብቻ ሳምንት ሙሉ ሣልኩት። ቢከፋም ተጠቅልሎ ይሄዳል፤ ነገ ሌላ ወረቀት አለ።

መቼ እንደጣመኝ አላውቅም። አንድ ጠዋት የአያ ሁሴን ቀኝ እጅ መወርወሪያውን ሊወረውር ሲል የግራ ትከሻቸው ለመቀበል ቀድሞ ዝቅ እንደሚል አየሁ። መወርወሪያው ገና አልተነሣም፣ ትከሻው ግን ዐውቆታል። ሣልኩት። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ አያ ሁሴንም ምን ነካው ብለው ዞሩ። አርባ ዓመት ሰው እያየሁ ኖሬ ይህን አላየሁም። የየኔታ ጻድቃን ሁሉ በሁለት እግራቸው እኩል የቆሙ ናቸው፤ ሰው የሚባለው ፍጡር ግን ባንድ እግሩ ቆሞ ሌላውን ያሳርፋል።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ አላርፍ አለ። መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ የሚያነሣው ወገቡ፣ አካፋ የሚይዘው አንጓው፣ ውኃ የሚጠጣው አንገቱ ሁሉ ይጠራኝ ጀመር። ለምሳ ሲለቁን በእንጨት አቧራው ላይ እሥላለሁ፤ ሠራተኞቹ ከበው «የማን ጀርባ ነው?» እያሉ ይወራረዳሉ። ካፖውም አንድ ቀን መጣና ኮፍያውን አስተካክሎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ከፊቴ ቆመ። «ፊቱን እንድትሥለው ነው» አለኝ አስተርጓሚው። «ራስ አልሥልም፣ ከአንገት በታች ብቻ ነው በለው» አልኩት። አስተርጓሚው ምን ብሎ እንዳዳነኝ እንጃ፤ ሠራተኞቹ ግን እስከ ማታ ሲስቁ ዋሉ።

የአያ ሁሴን ባለቤት ዘይቱና ሥዕል ካለበት አትደርስም ነበር። አንድ ቀን ግን ነፋስ አንዱን ወረቀት ይዞ ከእግሯ ሥር ጣለው። ልታነሣ ጎንበስ አለችና ቀረች። «ውይ! ሁሴን!» አለች፤ «ትከሻው እንዲህ ነው የሚያዘነብለው፣ ወላሂ እሱ ራሱ ነው!» ራስ የሌለው ሰው በሚስቱ ታወቀ። ያን ቀን ከሥራ ስመለስ እያንጎራጎርኩ ነበር። ሰው ያለ ፊቱም ሰው ከሆነ፣ እቴነሽም ያለ ፊቷ ልትመለስ ነው ማለት ነው።

ቤት ስደርስ እግሬ ቀጥ አለ። ከጠዋት ጀምሮ እቴነሽን አንድ ጊዜ እንኳ እንዳላሰብኳት ታወቀኝ። ትናንትስ? ትናንትም እንጃ። እሷን ላለመርሳት የጀመርኩት ነገር ስለጣመኝ እሷን መርሳት ጀምሬአለሁ። አፈርኩ። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ለሷ ይሁን ለራሴ አላውቅም።

በዚያው እሑድ ወደ ሮቢ ወንዝ ወርጄ ከአንድ ግራር ሥር ተቀመጥኩ። በቃኝ፣ ተምሬአለሁ፣ አሁን እሷን ልሣል አልኩ። ከሰሉን አነሣሁ። እጄ እንደ ለመደው ዓይኔን ጠበቀ። ዓይኔ ምን ያሳየው? ፊቷ የለም። ትከሻዋ የለም። እንዴት ትቆም ነበር? በየትኛው እግሯ? ዘጠኝ ዓመት አብሬአት ኖሬ አልመለስኩትም። ፀሐይዋ አናት ላይ እስክትደርስ ቁጭ አልኩ፤ ወረቀቱ ባዶውን ቀረ። ድሮ ቢያንስ እመቤታችን ትመጣ ነበር።

ከሰሉን ወንዙ ውስጥ ወርውሬ ተመለስኩ። ሦስት ሳምንት አልሣልኩም። ከሥራ እመጣለሁ፣ ቆሎ እቆረጥማለሁ፣ እተኛለሁ። ከሰው ጋር ሁለት ቃል ሳልነጋገር የዋልኩባቸው ቀኖች ነበሩ፤ የሚነጋገሩትም ድምፃቸው ከሩቅ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጠዋት አያ ሁሴን ከጎጆዬ በር መጥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዛሬም አትመጣም?»

«ምን ሊረባኝ፣ አያ ሁሴን? የምፈልጋት አልመጣችም።»

«እሱን አላህ ያውቃል።» ቀጥለው ደግሞ አፈር እያዩ «እኔ እንደሆንኩ ክሬ እየተበጠሰ አስቸገረኝ» አሉ። «ሰው ሲያየኝ ለምጄ ነው መሰለኝ።»

ተነሥቼ ተከተልኳቸው። ለማን እንደምሥል ሳላውቅ የሳቸውን ክርን ሣልኩ፤ ደኅና ክርን ነበር። በማግስቱም ሣልኩ። በደስታ ነው አልልም። ነገር ግን ከሰሉ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ያለችው ጊዜ ከቀኑ ሁሉ ትሻል ነበር፤ ያቺን ጊዜ ከማጣ አፍሬም ቢሆን ልያዛት አልኩ።

ግንቦት ላይ የእቴነሽ ታናሽ እህት ደብሪቱ ከደብረ ሲና ባቄላዋን ይዛ ለገበያ ወረደች። እህቷ ከሞተች ወዲህ ስንገናኝ የመጀመሪያችን ነው፤ መንገዱም ዘመኑም አላገናኘንም። ከበር ስትገባ ምናልባት ትመስላት ይሆናል ብዬ ፊቷን በዓይኔ በላሁት። አትመስላትም። ቁርጥ አባቷን ናት። ተላቅሰን ስናበቃ ጥቅሎቹን ከጣሪያው አውርጄ ዘረጋሁላት፤ ሌላ የማሳያት ነገር አልነበረኝም።

«ምነው ጋሼ፣ ሁሉም ራስ የላቸው?»

«የግቢው ሕግ ነው።»

አንድ ባንድ አገላበጠቻቸው። «እትዬንስ አልሣሏትም?»

ይህን ጥያቄ ነበር የፈራሁት። «አልቻልኩም» አልኳት። «ፊቷ ጠፋኝ፣ ደብሪቱ።»

ትሰድበኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ነጠላዋን እያፍተለተለች ቀስ ብላ «እኔም ከጠፋኝ ቆየ» አለች። «እማማ እኔን ወልዳ እንደታመመች ቀረች፤ ያሳደገችኝ እትዬ ናት። ስትፈጭ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም ከጀርባዋ አትለየኝም። ፊቷን የት አየዋለሁ? እኔ የማውቀው ጀርባዋን ነው።»

ወረቀትና ከሰል አነሣሁ። «ንገሪኝ» አልኳት።

ደብሪቱ ከአያ ሁሴን ጉድጓድ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። «የግራ ትከሻዋ ዝቅ ይላል። ራሴን የማሳርፈው በዚያ በኩል ነበር።» ዝቅ አደረግሁት። ትከሻው ከወረደ ከሥሩ ያለው ዳሌ መነሣቱን የአያ ሁሴን ገላ አስተምሮኛል፤ አነሣሁት። «ስትቆም በየትኛው እግሯ ነው የምትደገፈው?» «በግራዋ። ሲደክማት በዚያ ታሳርፈኝ ነበር።» «ወገቧስ?» «ቀጭን ነው፤ አይ፣ እንደሱ አይደለም፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ነው።» ዓይኗን ገልጣ ታያለች፣ «አይደለም» ትላለች፣ እኔ በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ እንደ ገና እንጀምራለን። ሦስት ወረቀት ተበላሸ። የአያ ሁሴን መወርወሪያ ከቆመ ቆይቷል፤ ጉድጓዳቸው ውስጥ ሆነው ያዳምጡን ነበር። ከየኔታ በተማርኩት ብቻ ቢሆን ከነዚያ መስመሮች አንዱን እንኳ አላገኘውም ነበር፤ የእያንዳንዱን ጠዋት ድካሜን ያን ቀን አወጣሁት።

አራተኛው ወረቀት ላይ ደብሪቱ ዓይኗን ገለጠች። ከዚያ «እትዬ» አለች፣ ለሥዕሉ። መዳፏን አስጠጋች፣ ቀጥሎ ጉንጯን። ቀና ስትል ከሰሉ ጉንጯ ላይ ነበር፤ እንባዋ ጥቁር ሆኖ ወረደ።

ወረቀቱን ከእጇ ተቀብዬ አየሁት። ጥሩ ሥዕል ነው። ከሠራሁት ሁሉ ይበልጣል። አንዲት ሴት ባንድ እግሯ ተደግፋ፣ ትከሻዋን ሸክም እንደሚጠብቅ ሰው ዘንበል አድርጋ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። ማን እንደሆነች አላወቅሁም። ራቅ አደረግሁት፣ አቀረብኩት፣ በብርሃን አየሁት። አላወቅኋትም።

መንገድ ላይ ባል ይቀድማል፣ ሚስት ትከተላለች። ማንም የሚያደርገው ነው፣ እኔም አደረግሁት። ገበያ ስንሄድ፣ ለቅሶ ስንሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንስም ዘጠኝ ዓመት እኔ ከፊት ነበርኩ። ወደ ቆላ ስንወርድም ዕቃውን ተሸክማ ከኋላዬ ነበረች። ዞር ሳልል «አለሽ?» እላታለሁ፤ «አለሁ» ትላለች። እሷ ጀርባዬን ዘጠኝ ዓመት አይታዋለች። እኔ የሷን አንድ ቀን አላየሁትም።

«እሷ አይደለችም ጋሼ?» አለች ደብሪቱ።

«እሷ ናት» አልኳት።

ልውሰደው አለችኝ። ውሰጂው አልኩና ጠቅልዬ በክር አስሬ ሰጠኋት። የሚያውቃት ሰው ጋ ትሁን።

አያ ሁሴንን ተሰናብታ ወጣች፤ ልሸኛት አብሬ ወጣሁ። ከመንገዱ ስንደርስ እንደ ልማዷ ዳር ይዛ እንድቀድም ቆመች።

«ቅደሚ» አልኳት።

«ምነው ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ እንጂ!»

«ቅደሚ አልኩሽ!» ጮኽኩባት መሰለኝ፤ ደንገጥ ብላ መራመድ ጀመረች።

ከኋላ ሆኜ ተከተልኳት። አካሄዷ ተሰናከለባት፤ ሰው ከኋላዋ ሆኖባት አያውቅም። ጥቅሉን በግራ ብብቷ ይዛለች። ክብደቷ ካንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያልፍ፣ ተረከዟ ከአቧራው ሲነሣ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ እየተንሸራተተ ስትመልሰው ሁሉንም አየሁ። ዝም ብሎ ከኋላ ለሚሄድ ሰው ሁሉ የሚታይ ነገር ነው። እየዞረች በሥጋት ታየኛለች፤ እኔም «ሂጂ፣ ሂጂ» እላታለሁ። እቴነሽን አንድ ቀን፣ አንድ የገበያ ቀን እንኳ፣ ቅደሚ ብያት ቢሆን ኖሮ ይበቃኝ ነበር።